ሸክላው ሲመለስ ቃሉስ?
(በአዲስ አበባ ኦርኬስትራዎችና ባንዶች ዘመን የሙያ ቃላት ላይ የቀረበ ማብራሪያ)

1. መግቢያ

ከ1940ዎቹ ማብቂያ እስከ 1960ዎቹ ማብቂያ ዓ.ም. ድረስ በአዲስ አበባ የተጫወቱት ኦርኬስትራዎችና ባንዶች ሥራ፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ እንደገና እየታተመ ይገኛል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ ከ30 በላይ ቅጾች አዘጋጅቷል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች አሳታሚዎችም በየፊናቸው የቆዩ ሸክላዎችንና ካሴቶችን አፈላልገው ለገበያ አውጥተዋል።

ይህ ለሙዚቃ ወዳዱ የደስታ ምንጭ ነው። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ ግን ሥራ ይዞ መጥቷል። ዘፈኑ የተመለሰው ብቻውን ሳይሆን ከማብራሪያ ጽሑፍ ጋር ነው፤ ጽሑፉም በአብዛኛው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። አሁን ያ ማብራሪያ በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በመጻሕፍት ወደ አማርኛ እየተመለሰ ነው። ሲመለስም ብዙውን ጊዜ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው በሥራቸው ላይ ሳሉ ይናገሩበት የነበረውን ቃል ትቶ፣ ከባዕድ ቋንቋ የተገለበጠ አዲስ ቃል ይዞ ይመጣል። በመሆኑም ድምፁ ሲድን ስያሜው እየጠፋ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በሰሜን ሸዋ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በደነባ ሆነን ነው። ደነባ በዳንስ አዳራሽም ሆነ በሸክላ ንግድ ስሟ የሚነሣ ከተማ አይደለችም። ይሁን እንጂ ከዚህ ሆኖ ማየት ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው፣ ሰሜን ሸዋ ለዚህ ሙዚቃ ታላላቅ ሰዎችን ያበረከተ አገር መሆኑ ነው፤ የሳክስፎኑ ጌታቸው መኩሪያ ከይፋት፣ የአኮርዲዮኑና የኦርጋኑ ኃይሉ መርጊያ ከደብረ ብርሃን የተገኙ ናቸው። ሁለተኛው፣ አንድ የሙያ ቃል ከዋና ከተማው ወጥቶ በገጠር ከተማ ሲሰማ ምን ትርጉም እንደሚሰጥ ለመመዘን መቻሉ ነው። በአዲስ አበባ የሙያ ቃል የሆነው ሁሉ በደነባ አንድ ዓይነት ፍቺ አይሰጥም፤ መዝገበ ቃላት ደግሞ ለሁለቱም አንባቢ የሚዘጋጅ ነው።

2. «የጃዝ ዘመን» የማን ዘመን ነው?

በትርጉም ሥራዎች ላይ «የጃዝ ዘመን» የሚለው ሐረግ ደጋግሞ ይታያል። ሐረጉ የተወለደው በአሜሪካ ነው። ደራሲው ኤፍ. ስኮት ፊትዝጄራልድ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ርእስ አማካይነት የተስፋፋ ሲሆን፣ የሚያመለክተውም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ እስከ እ.ኤ.አ. 1929 የኢኮኖሚ ድቀት ድረስ ያለውን ጊዜ ነው።

በዚያው ጊዜ በአዲስ አበባ የተፈጸመው ነገር ሌላ መልክ ነበረው። ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፣ በዚያ ባለው የአርመን ፓትርያርክ ጥበቃ ሥር የነበሩ፣ ከአርመናውያን እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ወጣቶች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ። አርባዎቹም ወጣቶች በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ጳጉሜ 1 ቀን 1916 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 1924) አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡ «አርባ ልጆች» አላቸው፤ ተራ ቁጥርና ተራ ስም ተጣምረው የተጸውዖ ስም ሆኑ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የኬቮርክ ናልባንዲያን ድርሰት ሲሆን፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። እንግዲህ ኒው ዮርክ በጃዝ ስትደንስ አዲስ አበባ ማርሽና መዝሙር ትሰማ ነበር። ለዳንስ የሚጫወት ትልቅ ኦርኬስትራ በአገራችን የጎለመሰው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ፣ በተለይም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ነው።

ስለሆነም «የጃዝ ዘመን» የሚለውን ሐረግ ለኢትዮጵያ መጠቀም የ30 ዓመት ስሕተት ያስከትላል። «ወርቃማው ዘመን» የሚለው አጠራር ደግሞ አድናቆትን እንጂ ጊዜን አይገልጽም። ለንደን በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ከተሰጣት ቅጽል የተቀዳው «ስዊንጊንግ አዲስ»ም ቢሆን ለአማርኛ አንባቢ የሚነግረው ነገር የለም። እኛ «የኦርኬስትራና የባንድ ዘመን» የሚለውን ስያሜ ከዓመተ ምሕረቱ ጋር አያይዞ መጠቀም ይሻላል እንላለን፤ ምክንያቱም ስያሜው የተመሠረተው በጊዜው በነበረው ድርጅትና በጊዜው በተነገረው ቃል ላይ ነው።

«ጃዝ» የሚለው ቃል ራሱ በአማርኛ ቢያንስ ሦስት አገልግሎት አለው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ የፈጠረውን የሙዚቃ ስልት ማመልከቱ ነው። ሁለተኛው «ጃዝ ድራም» በሚለው ጥምር ስም ውስጥ የሚገኘው ሲሆን፣ በዚህ ላይ ቃሉ ስልትን ትቶ በእግርና በእጅ የሚመቱ ከበሮዎችንና ሳህኖችን ስብስብ ይጠቁማል። ሦስተኛው «ኢትዮ ጃዝ» ነው። ይህ ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1943 በጅማ ከተወለደው፣ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን በርክሊ ከተማረው ከሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በአምኃ ሪከርድስ በታተመው አልበሙ ርእስ ላይም ይገኛል። የጃዝ ታላቅ ሰው ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባን በጎበኘ ጊዜ ሙላቱ አብሮት ተጫውቷል። ተርጓሚው በጽሑፉ ላይ «ጃዝ» የሚለውን ቃል ባገኘ ቁጥር ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ይገባዋል። ጃዝ ድራም የሚመታ ሰው ሁሉ የጃዝ ሙዚቀኛ አይደለምና።

3. ባንድ፣ ባንዳና ኦርኬስትራ

«ባንድ» ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ አስተማሪ ቃል ነው። በአውሮፓ ቋንቋዎች የእንግሊዝኛው «ባንድ»ና የጣልያንኛው «ባንዳ» ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበን ጓድ ያመለክታሉ። ጣልያንኛው ቃል ሙዚቀኞችንም ይጠራል። ወደ አማርኛ ግን የገቡት በሁለት በር ነው። ጣልያን የአገር ተወላጆችን መልምሎ ያሰለፋቸውን ጭፍሮች ባንዳ ይል ስለነበር፣ ቃሉ በአማርኛ «አገሩን የከዳ፣ ለጠላት ያደረ» የሚል ከባድ ፍቺ ይዞ ቀረ። ከእንግሊዝኛ የመጣው «ባንድ» ግን የሙዚቃ ጓድ ስም ሆነ። የአንድ ቤተሰብ ቃላት በእኛ ቋንቋ አንዱ የነውር፣ ሌላው የደስታ ስም ሆነው ይኖራሉ። ከጣልያንኛ ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው ይህን ካላስተዋለ የማዘጋጃ ቤት ሙዚቀኞችን ከሃዲ ሊያደርጋቸው ይችላል።

ሌላም ችግር አለ። «ባንድ» በጽሑፍ ሲታይ «በአንድ» ከሚለው ሐረግ አጭር አጻጻፍ ጋር አይለይም። «ባንድ ተጫወቱ» የሚለው ዐረፍተ ነገር «በአንድነት ተጫወቱ» ወይም «በባንድ ተጫወቱ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ በሙዚቃ ጽሑፍ ላይ የመስተዋድዱ አጻጻፍ ምን ጊዜም ሳይጠበብ «በአንድ» ተብሎ እንዲጻፍ እናሳስባለን።

«ኦርኬስትራ»ና «ባንድ» በአገራችን የሚለያዩት በተጫዋች ብዛት ብቻ አይደለም፤ ልዩነታቸው በይበልጥ የአስተዳደር ነው። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ሙዚቀኞች፣ እንዲሁም የቴአትር ቤቱ ተጫዋቾች የመንግሥት ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ስብስባቸውም ኦርኬስትራ ወይም የሙዚቃ ክፍል ይባል ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች የተስፋፉት እንደ ሶል ኤኮስ፣ አይቤክስ፣ ዳህላክና ዋልያስ ያሉት የግል ቡድኖች ግን ባንድ ተባሉ። ይህ ልዩነት በታሪክ ላይ ብርሃን ይሰጣል። ጥላሁን ገሠሠ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ይዘፍን ስለነበር፣ በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ለእስር ተዳርጓል። በሆቴል የሚጫወት የግል ባንድ አባል ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጎ «ባንድ» ብሎ የተረጎመ ሰው ይህን ምክንያት ከአንባቢው ሰውሮበታል ማለት ነው።

«ዳንስ»ና «ጭፈራ»ም እንዲሁ ተለይተው ሊያዙ ይገባል። «ጨፈረ» የሚለው ግሥ «ጭፍራ» ከሚለው ስም ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ የብዙ ሰው ተሰልፎ መሄድ፣ አብሮ መዝፈንና አብሮ መርገጥ በውስጡ ይሰማል። በደነባ የሰርግ ቤት የሚደረገው ጭፈራ ይህን ፍቺ እስካሁን ይዞታል፤ ተቀባይ ከሌለ ጭፈራ የለም። «ዳንስ» ግን ወንድና ሴት ጥንድ ሆነው ለመሣሪያ ድምፅ የሚያደርጉትን ዋልስ፣ ታንጎ፣ ማምቦ፣ ትዊስትና የመሳሰለውን ለማመልከት የገባ ነው። በመድረክ ላይ ለተመልካች የሚቀርበው የብሔረሰቦች እንቅስቃሴ ደግሞ «ውዝዋዜ» ተብሏል። ሦስቱም በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚጠሩ ሲሆኑ፣ አማርኛ ያገኘውን ልዩነት በትርጉም ምክንያት መጣል አይገባውም።

4. መሣሪያውና ግሡ

አንዳንድ ጸሐፊዎች የውጭ ቃልን ለማስወገድ ሲሉ «ትራምፔት»ን «ጡሩምባ» ብለው ይተረጉማሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ውጤቱ ግን አይሠምርም። በደነባም ሆነ በሌላው የሸዋ ከተማ ጡሩምባ ሲነሣ ሰው የሚያስበው እድርን ነው፤ ጡሩምባ ነፊው በማለዳ ሲያልፍ ማን እንደሞተ ይጠየቃል። «በዳንሱ አዳራሽ ጡሩምባው አስተጋባ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለእነዚህ አንባቢዎች መርዶ ነው። «መለከት»ም ቢሆን ከነጋሪትና ከእምቢልታ ጋር የቤተ መንግሥትና የአዋጅ ክብር የያዘ ቃል ስለሆነ ቦታው ሌላ ነው። ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ክላርኔት፣ ሳክስፎን ብለው መጥራታቸው ከስንፍና የመጣ አይደለም። ነባሩ ቃል በሌላ ሥራ ተይዞ ስለነበር ነው።

የመሣሪያው ስም በውሰት ቢመጣም ግሡ ግን ከአገር ቤት ተገኝቷል። አማርኛ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚስማማ ግሥ አለው፤ በገና ይደረደራል፣ ክራርና ማሲንቆ ይመታሉ፣ ዋሽንት ይነፋል፣ ከበሮ ይመታል። አዲሶቹ መሣሪያዎችም በዚሁ ሥርዓት ተመደቡ፤ ሳክስፎን ተነፋ፣ ጊታርና ድራም ተመቱ። ዛሬ ለሁሉም «ተጫወተ» የሚለው ግሥ እየተስፋፋ ነው። «ተጫወተ» በአዝማሪ ቤትም የነበረ ቃል ስለሆነ ባዕድ አይደለም፤ ነገር ግን ወግ መጨዋወትንም ስለሚይዝ ሰፊ ነው። ተርጓሚው «ሳክስፎን ነፋ» ማለት ሲችል «ሳክስፎን ተጫወተ» ቢል፣ ሰውየው በትንፋሹ እንደሠራ የሚናገረውን ክፍል ይጥላል።

ይህ በተለይ ስለ ጌታቸው መኩሪያ ሲጻፍ ያስፈልጋል። ጌታቸው (እ.ኤ.አ. 1935–2016) በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ወደ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግሏል። ስሙን ያስጠራው ጀግና በጦር ሜዳ የሚያሰማውን ሽለላ በሳክስፎን መንፋቱ ነው። የውጭ አገር ተቺዎች ይህን ሲሰሙ ከአሜሪካ «ፍሪ ጃዝ» ጋር አመሳሰሉት፤ ንጽጽሩ ለእነርሱ አድማጮች ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ተርጓሚው ግን «ፍሪ ጃዝ»ን «ነጻ ጃዝ» ብሎ መልሶ ለአማርኛ አንባቢ ቢያቀርብ፣ ሽለላን ለሚያውቅ ሰው ሽለላን በማያውቀው ነገር ማስረዳቱ ነው። ሽለላ፣ ፉከራና ቀረርቶ እያንዳንዳቸው የታወቀ ቦታና ድምፅ ያላቸው የሥነ ቃል ዓይነቶች ስለሆኑ፣ በቀጥታ በስማቸው ሊጠሩ ይገባል።

ስለ ሰዎቹ መጠሪያም አንድ ቃል እንጨምር። «አዝማሪ» የመጣው ከግእዙ «ዘመረ» ነው፤ ከዚያው ሥር ቤተ ክርስቲያን «ዘማሪ»ንና «መዝሙር»ን ስትይዝ፣ ግብር ቤቱና ጠጅ ቤቱ «አዝማሪ»ን ያዙ። የቴአትር ቤት መድረክ ሲስፋፋ ከ«አዝማሪ»ና ከ«ዘፋኝ» ጎን «ድምፃዊ» የሚለው ቃል ቆመ። «ድምፃዊ» ከባንድ ጋር የሚዘፍነውን ሰው መሣሪያ ከሚጫወተው «ሙዚቀኛ» የሚለይ ሲሆን፣ ንቀትም አልተለጠፈበትም። የአንድን ዘመን ድምፃዊ «አዝማሪ» ብሎ መተርጎም፣ ወይም አዝማሪን «ድምፃዊ» ማለት፣ ሁለት የተለያዩ የኑሮ ሥርዓቶችን ማደባለቅ ነው።

5. ሸክላና ቀረጻ

«ሸክላ» ከተቃጠለ ጭቃ የተሠራ ዕቃ ስም ነው። የዘፈን ዲስክ ሲመጣ ሕዝቡ «ሸክላ» አለው። ዲስኩ እንደ ምጣድ ክብ፣ ጠፍጣፋና ጥቁር ነው፤ ሲወድቅም እንደ ምጣድ ይሰበራል። የመጀመሪያዎቹ ዲስኮች የሚሠሩበት ሙጫ «ሼላክ» ይባል ስለነበር የድምፅ መቀራረቡ ስያሜውን ያጠናከረው ሊመስል ይችላል፤ ለፍቺው ግን ሁለቱም መንገድ ወደ አንድ ቦታ ያደርሳል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው ምእት ዓመት መባቻ በጀርመን ያስቀረጿቸው የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ዲስኮች በእርግጥ ተሰባሪዎች ነበሩ። በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹና 70ዎቹ የታተሙት ግን ከፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ በቀላሉም አይሰበሩም። ቢሆንም ስሙ ሳይለወጥ ቀረ። ነገሩ ተለውጦ ስሙ ሲጸና ፍቺው ሰፋ ይባላል፤ «ሸክላ» የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

«ቀረጸ»ም የዚሁ ዕድል ተካፋይ ነው። ድንጋይና እንጨት የሚቀረጸው በስለት ነው። በሸክላው ላይ መርፌ ድምፅን በጠመዝማዛ መስመር ስለሚጭር «ድምፅ ቀረጸ» ማለት በጥሬው እውነት ነበር። በማግኔት ለሚሠራው ካሴት ግን ጭረት የለም፤ ግሡ ግን ቀጠለ። ዛሬ በየትኛውም መሣሪያ ድምፅን ማስቀረት መቅረጽ ነው። በአንጻሩ «ሪከርድ አደረገ» የሚለውን ድብልቅ አነጋገር ለመጠቀም የሚያስገድድ ችግር በአማርኛ ውስጥ አይታየንም።

የሸክላው ንግድ ታሪክም ለትርጉም ያስፈልጋል። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ትእዛዝ በ1927 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣቱ አምኃ እሸቴ ይህን ብቸኛ መብት ደፍሮ ዓለማየሁ እሸቴን በማስቀረጽ አምኃ ሪከርድስን ጀመረ፤ ድርጅቱም እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል አልበሞችን አሳተመ። ካይፋ ሪከርድስና ሌሎችም ተከተሉት። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ጨዋታ ሲያጠብብ፣ ካሴትም ሸክላን ከገበያ አስወጣው። ስለሆነም አንድ ጽሑፍ «አሳተመ» ሲል በማኅበሩ ዘመን፣ በግል ሸክላ ዘመን ወይስ በካሴት ዘመን መሆኑን ማወቅ ከቃል መረጣ ይቀድማል።

ኃይሉ መርጊያን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1946 በደብረ ብርሃን የተወለደው ኃይሉ በዋልያስ ባንድ ሲጫወት ቆይቶ፣ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ በዋሽንግተን ቀረ። በዚያም እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር አጣምሮ አንድ ካሴት ቀረጸ። ይኸው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ አሜሪካዊ አሳታሚ እንደገና ሲወጣ በዲስክም ጭምር ታተመ። ተርጓሚው «የ1985 ሸክላ» ብሎ ቢጽፍ ስሕተት ነው፤ ሥራው በተወለደበት ጊዜ ካሴት ነበርና። ለዚህ ዓይነቱ ሁለተኛ ልደት «ዳግም ኅትመት» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን፤ «የመጀመሪያ ኅትመት» ከሚለው ጋር ጥንድ ሆኖ ዓመቱን ለመለየት ያመቻል።

6. ቅኝትና ቅንብር

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻቸው እነዚህ ሁለት ቃላት ናቸው።

«ቃኘ» ክራርን ወይም በገናን ጅማቱን እያጠበቁና እያላሉ ለዜማው ማዘጋጀት ነው። «ቅኝት» መጀመሪያ የዚህ ድርጊት ስም ነው። ፒያኖና ሳክስፎን ግን ለእያንዳንዱ ዘፈን አይቃኙም፤ ድምፃቸው የተወሰነ ነው። ሙዚቃው ከክራር ወደ ኦርኬስትራ ሲሻገር «ቅኝት» ከእጅ ሥራ ወደ ሐሳብ ተሻገረና የአምስት ድምፆች ሥርዓት ስም ሆነ። አራቱ ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ለምሳሌ ያህል ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሆን፣ ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ሲወርዱ ሌላው የትዝታ ዓይነት ይገኛል። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ግማሽ የወረደ ሬ፣ ፋ፣ ግማሽ የወረደ ሶልና ላን ይይዛል። ስለዚህ «ቅኝት»ን «ስኬል» ብሎ መተካት ከድምፆቹ ዝርዝር በቀር ሌላውን ሁሉ መጣል ይሆናል፤ ቅኝት ከድምፆቹ ጋር የዜማ ልማድንና የስሜት ባሕርይን ይዟል። ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ብሎ መተርጎምም እንዲሁ ነው። ትዝታ በአንድ ጊዜ የስሜት፣ የዘፈንና የቅኝት ስም መሆኑን መዝገበ ቃላቱ በሦስት ቁጥር ሊያሳይ ይገባል።

«ቅንብር» ከ«ቀንበር» ጋር በሥረ ፊደል ይገናኛል። ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ሲጠመድ ኃይላቸው ተባብሮ አንድ ትልም ያወጣል፤ ይህን ለደነባ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። በሙዚቃም አቀናባሪው አንድን ዜማ ለነሐስ መሣሪያዎች፣ ለሳክስፎኖች፣ ለጊታርና ለድራም እያካፈለ በአንድ ያስኬዳቸዋል። የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን (እ.ኤ.አ. 1915–1977) በማዘጋጃ ቤቱ ባንድና በቴአትር ቤቱ የሠራው ታላቅ ሥራ ይህ ነበር፤ በአምስት ድምፅ የሚሄደውን የአገር ዜማ ባሕርዩን ሳያጠፋ ለብዙ መሣሪያ ማከፋፈል። በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የሳህሌ ደጋጎ፣ በኋላም በሸክላው ዘመን የግርማ በየነና የሙላቱ አስታጥቄ ድርሻ ከዚሁ ይመደባል።

ቃሉ ከክብር በላይ መብትም አለበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ የከዋኙና የድምፅ ቀረጻ አሳታሚው ጥበቃ ግን ለ50 ዓመት የተወሰነ ነው። እንግዲህ በአንድ አሮጌ ሸክላ ላይ የአሳታሚው ጊዜ አልፎ የደራሲው መብት ሊኖር ይችላል። በዳግም ኅትመት ልባስ ላይ የተጻፈውን የባዕድ ቃል «ባህላዊ» ብሎ በደፈናው የሚተረጉም ሰው፣ ደራሲ ያለውን ዜማ ባለቤት እንደሌለው አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ግጥም ደራሲ፣ ዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪና ድምፃዊ የሚሉት አራት ስያሜዎች ተለይተው መጻፋቸው ስለዚህ ለባለሙያው እንጀራ ነው።

7. ከላቲን ፊደል ወደ ግእዝ ፊደል

ስሞችና ርእሶች ወደ ላቲን ፊደል ሄደው ሲመለሱ ይጎዳሉ። በብዙ ልባሶች ላይ «ት»ና «ጥ» በአንድ የላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ «መታ»ና «መጣ» አንድ ይሆናሉ። «ች»ና «ጭ»፣ «ስ»ና «ጽ»ም እንዲሁ ይደባለቃሉ። የአናባቢው ችግር ከዚህ ይብሳል። የማሕሙድ አሕመድ ሥራ የሆነው «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 በቤልጅግ ሲታተም፣ የግእዙ አናባቢ በፈረንሳይኛ ልማድ ጭረት ባለው ፊደል ተመለከተ። ያን ጭረት የፈረንሳይኛ ድምፅ አድርጎ የሚያነብ ሰው «ኤሬ ሜላ ሜላ» ይላል። «መላ» ዘዴና ምክር ነው፤ «ሜላ» ግን ትርጉም የለውም። ደንቡ ቀላል ነው፤ ርእስ ከላቲን ፊደል አይተረጎምም፣ በመጀመሪያው ሸክላ ላይ በግእዝ ፊደል ከተጻፈው ይገለበጣል።

8. ለመዝገበ ቃላት የቀረቡ ፍቺዎች

ባንድ፦ ስም፣ ውሰት። ለዳንስ ወይም ለዘፈን አብረው የሚጫወቱ፣ በተለይም በግል የተደራጁ ሙዚቀኞች ጓድ። («ባንዳ» ከሚለው ይለዩ።)

ኦርኬስትራ፦ ስም፣ ውሰት። በመሣሪያ ዓይነት የተከፋፈሉ ብዙ ሙዚቀኞች ያሉበት፣ በመሪ የሚመራ ስብስብ፤ በኢትዮጵያ ታሪክ በአብዛኛው በጦር ክፍል፣ በፖሊስ ወይም በቴአትር ቤት ሥር የነበረ።

ሙዚቀኛ፦ ስም። በባንድ ወይም በኦርኬስትራ ውስጥ መሣሪያ የሚጫወት ሰው።

ድምፃዊ፦ ስም። በባንድ ወይም በኦርኬስትራ ታጅቦ የሚዘፍን ሰው።

ሸክላ፦ ስም። 1) ከተቃጠለ ጭቃ የተሠራ ዕቃ። 2) ድምፅ የተቀረጸበት፣ በመርፌ የሚሰማ ዲስክ፣ ከየትኛውም ነገር ቢሠራ።

ቀረጸ፦ ግሥ። 1) በስለት ቅርጽ አወጣ። 2) ድምፅን ወይም ምስልን በመሣሪያ አስቀረ።

ቅኝት፦ ስም። 1) መሣሪያን ለዜማ ማዘጋጀት። 2) የአምስት ድምፆች የዜማ ሥርዓት። 3) አካባቢን መሰለል፣ መመልከት።

ቅንብር፦ ስም። ዜማን ለልዩ ልዩ መሣሪያዎችና ድምፆች አከፋፍሎ ማስማማት፤ የዚህም ሥራ ውጤት።

ጃዝ፦ ስም፣ ውሰት። 1) ከአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ የመነጨ የሙዚቃ ስልት። 2) (ጃዝ ድራም) በአንድ ሰው የሚመታ የከበሮዎችና የሳህኖች ስብስብ። 3) (ኢትዮ ጃዝ) የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝ አጨዋወት ጋር ያዋሐደ ስልት።

ዳግም ኅትመት፦ ስም። ቀድሞ የታተመ የድምፅ ሥራ ከጊዜ በኋላ እንደገና ሲታተም፤ የመጀመሪያው ዓመት አብሮ ይጠቀሳል።

9. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው የኦርኬስትራና የባንድ ዘመን ቃላት በሦስት መንገድ ተገኝተዋል። ነባሩ ቃል ሰፍቶ (ሸክላ፣ ቀረጸ፣ ቅኝት)፣ ከነባር ሥር አዲስ ቃል ወጥቶ (ድምፃዊ፣ አቀናባሪ)፣ ነባሩ በሌላ ሥራ የተያዘ ሲሆን ደግሞ ውሰት ገብቶ (ትራምፔት፣ ባንድ፣ ዳንስ)። ይህ ያለ ኮሚቴ፣ በሙዚቀኛውና በአድማጩ መካከል የተፈጸመ የስያሜ ሥራ ነው፤ በብዙ ረገድም ተሳክቷል። ስለዚህ ለተርጓሚዎች የምናቀርበው ምክር አዲስ ቃል ከመፍጠር በፊት የተፈጠረውን እንዲፈልጉ ነው። ምንጮቹም ቅርብ ናቸው፤ የሸክላዎቹ መለያ ወረቀቶች፣ የቴአትር ቤት የዝግጅት ወረቀቶች፣ የዘመኑ ጋዜጦችና ገና በሕይወት ያሉት ሙዚቀኞች አንደበት። ሸክላ ቢጫር ከሌላ ቅጂ ይተካል። አንድ አረጋዊ ሙዚቀኛ የሚያውቀው ቃል ሳይመዘገብ ቢቀር ግን ሌላ ቅጂ የለውም፤ የመሰብሰቡ ሥራ ከሁሉ መቅደም ያለበትም ስለዚህ ነው።